አንድ ጎተራ፣ ሁለት ዓይነት ሆድ፦ ፈረስንና የበግ ግልገልን የመመገብ አሠራር

ድርቆሹ አንድ ነው፤ ገብሱም የሚወጣው ከአንድ ጎተራ ነው። ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገጥመው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ፈረስ በቁርጠት ሲወድቅ ወይም ማታ ደህና የነበረ ግልገል ጠዋት ሞቶ ሲገኝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመኖው መበላሸት አይደለም። ለአንዱ ሆድ የሚስማማው አሰጣጥ ለሌላው ተደርጎ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመኖ ዝርዝር ሳይሆን ከሆድ ዕቃው ይጀምራል።

ማብላያው የት ነው?

በሣርና በድርቆሽ ውስጥ ያለውን አሰር በጉም ሆነ ፈረሱ ራሱ መፍጨት አይችልም። ሥራውን የሚሠሩት ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱ አሰሩን አብላልተው የሚያወጡትን አሲድ እንስሳው ለጉልበት ይጠቀምበታል። ልዩነቱ የማብላያው ጋን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

በግ ላይ ጋኑ ከፊት ነው፤ ትልቁ ጨጓራ (ሩመን)። የተበላው ሁሉ፣ ገብስም ይሁን ፋጉሎ፣ መጀመሪያ በተሕዋስያኑ እጅ ያልፋል። ቀጥሎ ተሕዋስያኑ ራሳቸው ወደ አራተኛው የጨጓራ ክፍልና ወደ ቀጭኑ አንጀት ወርደው ይፈጫሉ። በጉ ከሚያገኘው ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ የእነሱ ሰውነት ነው። ያደገ በግ ተራ ፕሮቲን በልቶ ጥሩ ሥጋ የሚያበጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረስ ላይ ጋኑ ከኋላ ነው፤ ዕውር አንጀትና ትልቁ አንጀት። መኖው በቅድሚያ የሚያርፈው ትንሽ ጨጓራ ውስጥ ነው፤ የ500 ኪሎ ፈረስ ጨጓራ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል። ከዚያ ቀጭኑን አንጀት በጥቂት ሰዓታት ያልፋል። ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል)፣ ስኳር፣ ቅባትና ፕሮቲን መወሰድ ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። የተረፈው ወደ ኋላው ጋን ይወርዳል። እዚያ የሚባዙት ተሕዋስያን ፕሮቲናቸው በአብዛኛው ከፋንድያው ጋር ይወጣል እንጂ ለፈረሱ አይተርፍም።

ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች የቀረውን ሁሉ ይወስናሉ። አንደኛ፣ የሚያድግ ፈረስ የፕሮቲን ጥራት በቀጥታ ከመኖው መምጣት አለበት፤ በተለይ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ የበዛ እህል በጉን የሚጎዳው ወዲያው ከፊት፣ ጨጓራው ውስጥ ነው። ፈረሱን የሚጎዳው ግን ቆይቶ፣ ከቀጭኑ አንጀት ያመለጠው ስታርች ኋላ ሲደርስ ነው። ፈረሱ ሌሊት እህል ሰርቆ በልቶ ጠዋት ደህና መስሎ መታየቱ ብዙ ሰው የሚያሳስተው በዚህ የተነሳ ነው።

1. መጀመሪያ ክብደት

ክብደቱ ሳይታወቅ መኖ መመደብ በግምት መድኃኒት እንደመስጠት ነው። ያደገ ፈረስ በሜትር ይለካል። ከጫንቃው ወዲያ፣ ከፊት እግሩ ብብት ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ፈረሱ ትንፋሽ ሲያወጣ የሚነበበውን ይውሰዱ። ቀጥሎ ከትከሻው የፊት ጫፍ እስከ ታፋው አጥንት የኋላ ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁኑ። የደረቱ ዙሪያ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በርዝመቱ ይባዛል፣ ከዚያ ለ11,880 ይካፈላል። ለምሳሌ ዙሪያው 180፣ ርዝመቱ 165 ከሆነ 180 × 180 × 165 ÷ 11,880 = 450 ኪሎ።

ግልገል በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘናል፤ በየ14 ቀኑ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት። ሆዱ የሞላና ያልሞላ ግልገል ልዩነት የሳምንት ዕድገትን መዋጥ ይችላል።

2. የፈረሱ የቀን መኖ

ከላይ በተለካው የ450 ኪሎ ፈረስ እንቀጥል። ሥራ የሌለበት ወይም ቀላል ሥራ ያለበት ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 9 ኪሎ ማለት ነው። ድርቆሽ 10 በመቶ ያህል እርጥበት ስላለው በሚዛን ላይ 10 ኪሎ ይሆናል። እህል ቢጨመርለትም ሣርና ድርቆሹ ከክብደቱ 1.5 በመቶ መውረድ የለበትም፤ ለዚህ ፈረስ 7.5 ኪሎ ድርቆሽ። ከዚያ በታች ሲወርድ በረት እንጨት መላጥ፣ የጨጓራ ቁስልና ቁርጠት ይመጣሉ።

የቁስሉ ምክንያት እዚህ ላይ መነገር አለበት። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም ቀኑንና ሌሊቱን አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ያኝካል፤ አንድ ኪሎ አጃ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ከአሰር ወደ እህል በተዛወረ ቁጥር ጉልበቱ ሲጨምር ምራቁ ይቀንሳል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት በላይ ምንም የሚያኝከው ሳይኖር መቆየት የለበትም። ሌሊቱ ረጅም ስለሆነ ከቀኑ ድርቆሽ ትልቁ ድርሻ ለማታ ይቀመጥ፤ ቶሎ የሚጨርስ ከሆነ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ውስጥ ይሰጠው።

እህል ሲጨመር መለኪያው የኪሎው ብዛት ሳይሆን በአንድ ምግብ የሚገባው ስታርች ነው። ጥንቃቄ ያለበት ወሰን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ስታርች ነው፤ 2 ግራም ከደረሰ ወደ ኋላው አንጀት መፍሰሱ አይቀርም። ለ450 ኪሎው ፈረስ 450 ግራም ስታርች በምግብ ማለት ነው። አጃ 40 በመቶ ያህል ስታርች ስላለው 1.1 ኪሎ ይሆናል። ገብስ 55 በመቶ ያህል ስለሆነ 0.8 ኪሎ፣ በቆሎ 70 በመቶ ያህል ስለሆነ 0.65 ኪሎ።

ቆርቆሮ ጣሳ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሊትር አጃ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ አንድ ሊትር በቆሎ ግን ከ0.7 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ስታርቹም የበለጠ ነው። አጃ አልቆ «ያው በጣሳው በቆሎ ስጠው» ሲባል ፈረሱ ሳይታሰብ ከሁለት እጥፍ በላይ ስታርች ይበላል። ለእያንዳንዱ እህል ጣሳው አንዴ ይመዘን፤ ልኩ በቀለም ይሰመርበት።

የእህሉ አዘገጃጀትም ከዓይነቱ ያላነሰ ለውጥ ያመጣል። አጃ እንዳለ ሊሰጥ ይችላል፤ ስታርቹን ቀጭኑ አንጀት በደንብ ያወጣዋል፤ ጥርሱ ጤነኛ ይሁን እንጂ። ጥሬ በቆሎና ጥሬ ገብስ ግን ስታርቻቸው ጠንካራ ስለሆነ ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። መፍትሔው መቀቀል ወይም በእንፋሎት ተዳምጦ የተዘጋጀውን መጠቀም ነው። በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ ቅርፊቱን ያለሰልሳል እንጂ ስታርቹን አይለውጠውም።

አሰጣጡ እንዲህ ይሁን፦

መጀመሪያ ውኃ ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር። ይህ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፤ ድርቆሽ ሲበላ ለምለም ሣር ከሚበላበት ጊዜ የበለጠ ይፈልጋል። ቀጥሎ እህሉ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ድርቆሽ ይሰጥ። የቀኑ እህል ከአንድ ምግብ ወሰን ካለፈ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈል፤ መሃላቸው 6 ሰዓት ያህል ይኑር። ጨው በቀን ለ100 ኪሎ ክብደት 10 ግራም ስለሚያስፈልግ ለዚህ ፈረስ 45 ግራም፣ ሲያልበው ደግሞ ከዚያ በላይ ይሰጠዋል። የሚላስ የጨው ድንጋይ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ፈረስ ከእሱ በቂውን አይልስም።

ማንኛውም ለውጥ ከ10 እስከ 14 ቀን ይውሰድ፦ ለ3 ቀን ሩቡ አዲስ፣ ለ3 ቀን ግማሹ፣ ለ3 ቀን ሦስት ሩቡ፣ ከዚያ ሙሉው። ብዙዎች ይህን ለእህል ያደርጉና ለድርቆሽ ይረሱታል። ከሌላ ማሳ የመጣ ድርቆሽም ለኋላው ጋን አዲስ መኖ ነው።

3. ውርንጭላ፦ ማደግና ቶሎ ማደግ አንድ አይደሉም

የፈረስ ውርንጭላ በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ እንገር መጥባት አለበት። በሽታ የሚከላከለው አካል ከእናቱ ደም በማህፀን አይተላለፍለትም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ብቻ ነው። አንጀቱም ይህን አካል ሳይፈጨው የሚያስገባበት በር በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቱን ፋንድያ ሲበላ ቢታይ አይከልከል፤ ኋላው ጋን ውስጥ የሚኖሩትን ተሕዋስያን የሚወርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ወተቱ ከ2 ወር በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚያ ጀምሮ እናቱ የማትደርስበት ቦታ ላይ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል የውርንጭላ መኖ ይቅረብለት፤ የ4 ወር ከሆነ 2 ኪሎ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ። መኖው ከ14 እስከ 16 በመቶ ፕሮቲን ይኑረው፤ የፕሮቲኑ ምንጭ በተቻለ መጠን አኩሪ አተርና አልፋልፋ ይሁን፣ ላይሲናቸው ከፍ ያለ ነው። ፕሮቲኑ በመቶኛ ደርሶ ላይሲኑ ካነሰ ውርንጭላው ይወፍራል እንጂ ጡንቻና አጥንት አያበጅም።

ሲያድግ 500 ኪሎ ለሚደርስ ዝርያ ማወዳደሪያው ይህ ነው፦ በ6 ወሩ 215 ኪሎ ያህል፣ በዓመቱ 320፣ በዓመት ተኩሉ 385፣ በ2 ዓመቱ 430። በ6 ወሩ በቀን 0.7 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ በዓመቱ 0.45 ኪሎ። ከዚህ ትንሽ ማነስ አያስጨንቅም፤ ኋላ ይደርሳል። የሚያስጨንቀው ያልተስተካከለ ዕድገት ነው፦ ለወራት ተርቦ ቆይቶ በአንድ ጊዜ እህል ሲጎርፍለት ክብደቱ ከአጥንቱ ይቀድማል። የፊት እግር ጉልበት አካባቢና ከሰኮናው በላይ ያለው መገጣጠሚያ ሰፍቶ ያብጣል፣ ከሰኮናው በላይ ያለው አጥንት ተገትሮ ይቆማል። ያኔ የሚቀነሰው እህሉ ነው። ፕሮቲኑና ማዕድኑ አይነካም፤ እነሱን አብሮ መቀነስ አጥንቱን ዳግመኛ መቅጣት ነው።

ፍሩሽካ የተለየ ቃል ይገባዋል። ርካሽና ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ፈረስ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ ከ1.5 እስከ 2 እጅ ካልሲየም ለ1 እጅ ፎስፈረስ። ፍሩሽካ የበዛበት ፈረስ ጎደሎውን ከገዛ አጥንቱ እያወጣ ይሞላል። የመንጋጋውና የፊቱ አጥንት ጥንካሬውን አጥቶ ያብጣል፣ ፈረሱም ያነክሳል። ለእያንዳንዱ ኪሎ ፍሩሽካ ከ40 እስከ 45 ግራም ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት (ካልሲየም ካርቦኔት) ቢጨመር ሚዛኑ ይስተካከላል። ግድግዳ የሚለቀለቅበት ኖራ አይደለም፤ እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

4. ግልገሉ፦ ጨጓራውን መሥራት

ሲወለድ ግልገል ገና የሚያመሰኳ እንስሳ አይደለም። አራተኛው የጨጓራ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ ትልቁ ጨጓራ የሚባለው የተጨማደደች ከረጢት ናት። የመጋቢው ሥራ በ8 ሳምንት ውስጥ ያችን ከረጢት ወደ ማብላያ ጋን መለወጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንገር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ 200 ሚሊ ሊትር። 4 ኪሎ ሆኖ ለተወለደ ግልገል 200 ሚሊ ሊትር ወዲያው፣ በቀኑ 800 ሚሊ ሊትር። በበረዶ የቆየ እንገር በለብታ ውኃ ቀስ ብሎ ይፈታ፤ እሳት ላይ ከተጣደ መከላከያው አካል ይበላሻል። የግልገሉ የፊንጢጣ ሙቀት ከ37 ዲግሪ በታች ከሆነና ራሱን ቀና ማድረግ ካልቻለ ወተት አይጠጣ፤ መዋጥ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ ይሙቅ። ከተወለደ ከ5 ሰዓት በላይ ሆኖት እንዲህ ከቀዘቀዘ ግን ሲሞቅ ስኳር አጥሮት ሊንፈራገጥ ስለሚችል ከመሞቁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ግልገል ሲጠባ ጉሮሮው መጨረሻ ላይ ያለ ቦይ ይጠቀለልና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ አራተኛው ክፍል ይገባል። ቦዩ ካልተዘጋ ወተቱ ያልተሠራው ጨጓራ ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል፤ ሆዱ ይነፋል። በጡጦ የሚያድጉትን የሚገድላቸው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ ጡጦው ግልገሉ እናቱን ሲጠባ አንገቱ በሚሆንበት ከፍታ ይያዝ፣ የጡጦው ቀዳዳ ወተት የሚያዘንብ አይሁን፣ ሰዓቱ አይዛነፍ። የላም ወተት ሊያኖረው ይችላል፤ ሆኖም የበግ ወተት ቅባቱ 7 በመቶ ያህል ሲሆን የላም ከ4 በመቶ ስለማይበልጥ ዕድገቱ ዝግ ይላል። ለግልገል የተሠራ የዱቄት ወተት ካለ ይመረጣል።

ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን የግልገል መኖ ይጀመራል። እዚህ ላይ ሰፊ ስህተት አለ፦ «ጨጓራው እንዲሰፋ ድርቆሽ ብቻ ይብላ» ይባላል። ድርቆሽ ጨጓራውን ያሰፋዋል፣ ጡንቻውንም ያጠነክራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ምግቡን የሚመጥጡት በጨጓራው የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ወፍራም ፎጣ የሚቆሙት ትናንሽ ጣት መሳይ ነገሮች ናቸው። እነሱን የሚያበቅላቸው ከእህል መብላላት የሚወጣው አሲድ ነው። ድርቆሽ ብቻ የበላ ግልገል ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፤ ወተቱ ሲቋረጥበት ሆዱ እየጎላ ጀርባው ይከሳል። ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ለ100 ኪሎ የግልገል መኖ የሚከተለው ድብልቅ 19 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፦

የተከካ ገብስ ወይም በቆሎ 65 ኪሎ
የአኩሪ አተር ፋጉሎ 25 ኪሎ
ፍሩሽካ 6.5 ኪሎ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ
ጨው ግማሽ ኪሎ
ለበግ ብቻ የተሠራ የማዕድንና የቪታሚን ቅልቅል ግማሽ ኪሎ (የአምራቹ መመሪያ ሌላ መጠን ካዘዘ እሱ ይከተል)
አሞኒየም ክሎራይድ ግማሽ ኪሎ

የኖራ ድንጋዩና አሞኒየም ክሎራይዱ ለጌጥ የገቡ አይደሉም። እህል የሚበላ ጠቦት፣ በተለይ በልጅነቱ የተኮላሸ፣ ፎስፈረሱ ሲበዛበት ሽንት ቧንቧው ውስጥ ጠጠር ይሠራል። ካልሲየሙ ሁለት እጥፍ ሲሆንና ሽንቱ አሲድነት ሲኖረው ጠጠሩ አይጋገርም። ጠቦት ጀርባውን አጉብጦ ሲያምጥ፣ ጭራውን ሲያወራጭና ጠብታ ብቻ ሲወጣው ከታየ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሐኪም ይጠራ።

መኖው ዱቄት አይሁን፤ የተከካ ይሁን። ዱቄት አፍንጫውን ይዘጋዋል፣ ሲረጥብም ይጣበቃል። መግቢያው ግልገል የሚያሳልፍ እናትን የማያሳልፍ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይሁን። ቦታው ደረቅና ብርሃን ያለበት፣ እናቶቹ የሚተኙበት አጠገብ ይሁን፤ ጨለማ ጥግ ካደረጉት አይገቡበትም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ እፍኝ ብቻ ቀርቦ በማግስቱ የተረፈው ለእናቶቹ ይሰጥ፤ ግልገል ምራቅ የነካውን የቆየ መኖ አሽትቶ ይተወዋል።

ጡት ማስጣል በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይወሰን። ሦስቱ አብረው ይሟሉ፦ ዕድሜው ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ክብደቱ ከተወለደበት 3 እጥፍ ያህል፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ በቀን 250 ግራም መኖ መብላት። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ ጨጓራው እንደተሠራ የሚመሰክረው እሱ ነው። በዕለቱ ግልገሎቹ በለመዱት በረት ይቆዩ፣ እናቶቹ ይውጡ።

5. ከጡት በኋላ ማሳደግ

ግልገሎቹ የቀረበላቸውን መኖ እየበሉ ከመጡ ያንኑ ይቀጥሉ። በግጦሽ ብቻ ያደገ የ20 ኪሎ ግልገል ሲገዛ ወይም ከመስክ ሲመጣ ግን ከዜሮ ይጀመራል። ለ3 ቀን እንደልብ ድርቆሽና በቀን 100 ግራም እህል ይሰጠው። ከዚያ በየ2 ቀኑ 50 ግራም ይጨመር፤ በ3 ሳምንት ገደማ 600 ግራም ይደርሳል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስታርች ሲበዛ ቶሎ የሚባዙት ተሕዋስያን ጠንካራውን የላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ ይህን አሲድ የሚበሉት ሌሎቹ ለመብዛት ጊዜ ይፈልጋሉ። ጊዜው ካልተሰጣቸው የጨጓራው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል) ከተለመደው ከ6 እስከ 7 ወርዶ ከ5.5 በታች ይሆናል፤ ግድግዳው ይቃጠላል፣ ማመስኳቱ ይቆማል።

ከፈረሱ ጋር የሚቃረነው ደግሞ ይኸውና፦ ከ8 ሳምንት በላይ ለሆነ ግልገል ገብስና በቆሎ መፍጨት አያስፈልግም። ግልገል ጥሬውን በደንብ ያኝካል፣ ሲያመሰኳም ይደግመዋል፤ ጥሬ እህል ምራቁን ያበዛና አሲዱን ያረግባል። የተፈጨው ቶሎ ስለሚብላላ ለአሲድ ይቀርባል። የወፍጮ ወጪ ማውጣት ካለብዎት ለፈረሱ እህል ማብሰያ ይዋል።

የመኖ ገንዳ ርዝመት ለእያንዳንዱ ግልገል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይኑረው። 20 ግልገል 6 ኪሎ ሲሰጠው አማካዩ 300 ግራም ነው፤ ገንዳው ካጠረ ግን ጉልበተኛው 700 ይበላል፣ ዓይናፋሩ 50። አንደኛው በአሲድ ይታመማል፣ ሌላው አያድግም፤ በወረቀቱ ላይ ሁለቱም 300 በልተዋል።

25 ኪሎ ሲደርሱ በቀን 1 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላሉ፤ የመኖው ፕሮቲን ከ14 እስከ 16 በመቶ ይበቃል። በደንብ የተያዘ ግልገል በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ይጨምራል። ከ150 በታች ከሆነ መኖ ከመጨመር በፊት የዓይኑን የታችኛውን ቆብ ገልበው ይዩ፤ ቀይ ወይም ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ የሚበላው ደም መጣጭ ትሉ ነው።

አንጀት መራዥ በሽታ የሚመጣው ግን በተቃራኒው፣ ዕድገቱ ሲሰምር ነው። ክሎስትሪዲየም የሚባለው ባክቴሪያ በጤነኛ አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ ስታርች ሲጎርፍለት ይራባና መርዝ ይረጫል። የሚሞተው ከመንጋው ወፍራሙ፣ ቀድሞ ገንዳው ላይ የሚደርሰው ነው። ሕክምናው ጊዜ አይሰጥም፤ ክትባቱ ግን ይሠራል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተለያይቶ ሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ ሁለተኛው እህሉ ከመብዛቱ በፊት ይለቅ።

6. ማደባለቅ የማይቻለው

የፈረስ መኖ ለበግ አይሰጥም። ምክንያቱ መዳብ ነው። ፈረስ መዳብን ይችላል፣ ለአጥንቱም ያስፈልገዋል፤ የፈረስ መኖ የሚሠራውም በዚያ ልክ ነው። በግ ግን ትርፉን ከጉበቱ ማስወጣት አይችልም፤ በጠቅላላ መኖው ውስጥ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ለሳምንታት ምንም ምልክት ሳይታይ ይጠራቀምና በጉዞ፣ በብርድ ወይም በድንጋጤ ቀን ጉበቱ በአንዴ ይለቀዋል። ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። የፈረስ የሚላስ ማዕድንም በግ በሚደርስበት ቦታ አይሰቀል።

የበግ መኖ ለፈረስ አይሰጥም። ለኮክሲዲያ (ጥገኛ ተሕዋስ ለሚያመጣው የአንጀት በሽታ) ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት አንዳንድ የግልገል መኖ ውስጥ ይገባል። ፈረስን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይገድለዋል፤ የልቡን ጡንቻ ያበላሻል። በትክክል የተደባለቀ የግልገል መኖ አንድ ጉርሻ ፈረስ አይገድልም። አደጋው ያልተበረዘው ቅልቅል፣ በደንብ ያልተደባለቀው ከረጢትና መደባለቂያው ማሽን ውስጥ የቀረው ትራፊ ነው። የሁለቱ ማንኪያ፣ ባልዲና ማደባለቂያ ይለያይ፣ በቀለም ይለይ፤ የፈረስ መኖ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደባለቅ።

በመስክ ላይ ግን አብረው ቢሰማሩ ያዋጣል። ከጥቂቶች በቀር የአንዱ ትል በሌላው ሆድ ስለማያድግ እርስ በርስ መስኩን ያጸዳሉ።

7. በየጠዋቱ የሚነበበው

ፋንድያው መኖው ምን እንደሆነ ይናገራል። አንድ እንክብል አንስተው በጣት ይክፈቱት። ጤነኛው መሬት ሲነካ የሚሰነጠቅ፣ ውስጡ እርጥብ፣ ቃጫው አጫጭር ነው። ቃጫው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዝሞ ከታየ ፈረሱ በደንብ አላኘከም፤ ጥርሱ ይታይ። ያልተሰበረ እህል ከበዛበትም እንዲሁ። እንክብሉ ደርቆ፣ አንሶና በንፍጥ ተሸፍኖ ከወጣ ውኃ አንሶታል፤ ቁርጠት ከመድረሱ በፊት ውኃውና ጨው ይመርመር። ላላ ብሎ የጎመዘዘ ሽታ ካለው እህሉ ኋላ ደርሷል።

የግልገል በጠጥ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይወድቃል። ተጣብቆ ከወጣ መኖው ቶሎ ተለውጧል ወይም ሣሩ ለምለም ነው። ግራጫ፣ አረፋ ያለውና የሚጎመዝዝ ከሆነ አሲድ ነው። ያኔ ጡጫዎን በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ኋላ ባለው ጎድጓዳ ላይ አሳርፈው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ጤነኛ ጨጓራ በደቂቃ አንድ ሁለት ጊዜ እጅዎን ይገፋል። የማይገፋና ሲነካ ውኃ እንደያዘ ስልቻ የሚንቦጫረቅ ከሆነ እህሉን ወዲያው አንስተው ድርቆሽ ብቻ ይስጡ። 15 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ያጠጡት፤ ከተኛ ወይም ራሱን መያዝ ካቃተው በአፉ ምንም አይጨመር፣ ሐኪም ይጠራ።

ፈረስ መሬት ሲጭር፣ ጎኑን ሲያይ፣ ሲንከባለልና ፋንድያ ሲያቆም መኖው ሁሉ ይነሳል፣ ሐኪም ይጠራል። በአፉ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አይጋት፤ ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የተነፋ ጨጓራ ላይ የሚጨመረው ያፈነዳዋል።

የእህል ጎተራ ሰብሮ የገባ ፈረስ ደግሞ ምልክት እስኪያሳይ አይጠበቅም። ስታርቹ ኋላው ጋን ደርሶ አሲዱ እስኪነሳ ሰዓታት ያልፋሉ፤ የሐኪሙ ሥራ የሚቀለው በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው። እሱ እስኪደርስ የበላው እህል ዓይነትና መጠን፣ የጎደለው ከረጢት ተመዝኖ ይጻፍ። አራቱም ሰኮናዎቹ እስከ ጉልበቱ ድረስ በረዶ በተጨመረበት ውኃ ውስጥ ይቀመጡና በረዶው እየተተካ ለ2 እስከ 3 ቀን ይቀጥል፤ ሰኮናው ሞቆ፣ ፈረሱ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ጥሎ ከቆመ በኋላ የሚደረገው ማቀዝቀዝ የዚህን ያህል አይጠቅመውም።